የመጸዳጃ ቤት የውኃ ሣጥን ዘግይቶ ስለሚሞላበት ምክንያትና ስለ መድኃኒቱ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ወደ ታችኛው እርሻው የሚደርሰው ውኃ ሲቀንስበት እርሻውን አይረግምም፤ ቦዩንም ሁሉ ደፍኖ አዲስ ቦይ አይቆፍርም። ዶማውን በትከሻው አድርጎ ቦዩን እየተከተለ ይሄዳል፤ አፈር ከተናደበት ወይም ቅጠል ከተጠራቀመበት ስፍራ ሲደርስ ያንን ብቻ ያነሣል፤ ውኃውም እንደ ቀድሞው ይወርዳል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይኸው የገበሬ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን የሚነገረው ስለ እርሻ ቦይ ሳይሆን፥ የቧንቧ ውኃ በገባላቸው ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ስለሚገኘው የመጸዳጃ ቤት የውኃ ሣጥን ነው።

ይህ ሣጥን ከመቀመጫው በስተኋላ ወይም ከበላዩ በግድግዳ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ፥ እጀታው ሲሳብ ወይም ሲጫን ያጠራቀመውን ውኃ ባንድ ጊዜ ለቆ ቆሻሻውን ይወስዳል፤ ከዚህ በኋላ ማንም ሳያዝዘው ተመልሶ ይሞላል፤ ሲሞላም ራሱ ይዘጋል። ዕቃው ተሰብሮ ውኃው ወለሉን ሲያጥለቀልቅ ሁሉም ሰው አይቶ ይጮኻል። ውኃው ዘግይቶ ሲሞላ ግን ብዙዎች ነገሩን እንደ ጉድለት ስለማይቈጥሩት፥ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ብቻ ይታወቃል።

1ኛ፤ መዘግየቱ ስለሚያመጣው ጉዳት

ቀስ ብሎ መሄድ በብዙ ነገር የተመሰገነ ነው፤ በዚህ ግን አይመሰገንም። ይህንንም በሒሳብ መግለጥ ይቻላል። አንድ ሣጥን 9 ሊትር የሚይዝ ቢሆን፥ ቧንቧውም በደቂቃ 6 ሊትር ቢሰጥ፥ ሣጥኑ በ1 ደቂቃ ተኩል ይሞላል። ስለዚህ በ15 ደቂቃ የዕረፍት ጊዜ 10 ልጆች ተራ በተራ ገብተው፥ እያንዳንዳቸው ስፍራውን በንጽሕና ትተው ሊወጡ ይችላሉ። ቧንቧው በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሣጥኑን ለመሙላት 9 ደቂቃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ልጅ ሙሉ ሣጥን ያገኛል፤ ሁለተኛው 9 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ለሦስተኛው ሣጥኑ ሳይሞላ ደወሉ ይደወላል። ልጅ ደግሞ ደወል ፈርቶ ይሮጣል እንጂ ሣጥን እስኪሞላ ቆሞ አይጠብቅም።

ውኃ ያልወሰደው ቆሻሻ የዝንብ ማረፊያ ይሆናል፤ ዝንብም ከዚያ ተነሥቶ በምግብና በሕፃናት ዐይን ላይ ያርፋል። ተቅማጥም፥ ትራኮማ የሚባለው የዐይን በሽታም ንጽሕና በጐደለበት ስፍራ ይበረታሉ። ይልቁንም ከፍ ያሉ ሴቶች ልጆች፥ ስፍራው ያልጸዳ እንደ ሆነ፥ ወደዚያ ከመግባት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መዋልን ይመርጣሉ፤ የወር አበባቸው በመጣ ጊዜም ከትምህርት የሚቀሩ አሉ። ስለዚህ ትንሹን የውኃ መንገድ መጠገን ልጅን በትምህርት ገበታ ላይ ማቈየት ነው።

2ኛ፤ ስለ ተንሳፋፊውና ስለ ውኃ ግፊት

የሣጥኑ ክዳን ቢነሣ በውስጡ 2 ዋና ዋና ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ውኃ የሚገባበት ቫልቭ ነው፤ ከእርሱም ጋር ተንሳፋፊ ተያይዟል። ተንሳፋፊው በአሮጌው ዓይነት በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ኳስ ነው፤ በአዲሱ ዓይነት ግን ቫልቩን ከብቦ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ትንሽ ጽዋ ይመስላል። ሁለተኛው ከሣጥኑ ወለል ላይ ያለው የመልቀቂያ አፍ ነው፤ በጎማ ይዘጋል። ውኃው ሲለቀቅ ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ ሲወርድም የመግቢያውን አፍ ይከፍታል። ውኃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊውም ከፍ ብሎ አፉን ይዘጋዋል።

ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ክቴሲቢዮስ የተባለ ጥበበኛ፥ ጊዜ የሚቈጥር የውኃ ሰዓት በሠራ ጊዜ፥ የውኃው ከፍታ እንዳይለዋወጥ በተንሳፋፊ ይጠብቀው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1775 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ ከመጸዳጃው በታች ያለውን ጠማማ ቧንቧ በስሙ አስመዘገበ፤ በዚያ ጠማማ ቧንቧ ውስጥ የሚቀረው ውኃ የጕድጓዱ ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ ይከለክላል። ሁለቱም ሰዓት ሠሪዎች መሆናቸው ልብ የሚባል ነው፤ ይህ ዕቃ የሚጠይቀው ብዙ ጉልበት ሳይሆን ልክና ተራ ነውና።

ተንሳፋፊው አፉን ቢከፍትም ውኃውን የሚገፋው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ከፍታ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ባመጣ ጊዜ፥ ውኃ ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ወደ ኮረብታ መውጣቱ ብዙ ሰው አስደንቋል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይበልጥ ከፍ ያለ ስለ ነበረ የላይኛው ውኃ ክብደት የታችኛውን ይገፋዋል። በጠቅላላው ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። በ3 ሜትር ቆጥ ላይ የተቀመጠ የትምህርት ቤት ታንከር ግን የሚሰጠው ከ1 ባር ሢሶ እንኳ አይሞላም። ይህ ነገር ወደ ፊት ለሚነገረው ጕዳይ መታወስ አለበት።

3ኛ፤ ምክንያቱን በተራ ስለ መፈለግ

ሣጥኑ የዘገየበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ገበያ ሮጦ አዲስ ቫልቭ ይገዛል፤ ይህም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። ፊደል ከሀ ጀምሮ በተራው እንዲጠና፥ ይህም ምርመራ በተራው መደረግ አለበት።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር ውኃው በእውነት በዝግታ ይገባ እንደ ሆነ፥ ወይም በላይ እየገባ በታች ይወጣ እንደ ሆነ ነው። የታችኛው ጎማ ያረጀ፥ ወይም ሰንሰለቱ ከሥሩ ገብቶ ያስቀረው እንደ ሆነ፥ የገባው ውኃ ሳይጠራቀም ይወርዳል፤ ተመልካቹም ሣጥኑ ዘገየ ይላል። ይህን ለማወቅ ሣጥኑ ሞልቶ ሳለ ጥቂት የጽሕፈት ቀለም ወይም የጠቈረ ሻይ ይጨመርበት፤ ማንም እጀታውን ሳይነካ ግማሽ ሰዓት ይቈይ። ቀለሙ ወርዶ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ በሽታው ከታች ነው፤ ጎማውን ማጽዳት ወይም መለወጥ ይገባል። ካልታየ ግን በሽታው ከመግቢያው በኩል ነው።

ሁለተኛ፥ በዚያው ቤት ያለው የእጅ መታጠቢያ ይመርመር። ልኩ የታወቀ ባልዲ ከሥሩ ተቀምጦ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይቈጠር። መታጠቢያው 10 ሊትሩን በ2 ደቂቃ የሚሞላ ሆኖ ሣጥኑ ብቻ ከዘገየ፥ ጉድለቱ ከግድግዳው እስከ ሣጥኑ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም ከዘገዩ ግን ሣጥኑን መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ይልቁንስ በቈጣሪው አጠገብ ያለው ዋና መዝጊያ በሙሉ መከፈቱ፥ ታንከሩ ውኃ መያዙ፥ የታንከሩም መውጫ በደለል አለመደፈኑ ይታይ።

ሦስተኛ፥ ከሣጥኑ በታች በግድግዳው ላይ ያለው ትንሽ መዝጊያ ይታይ። ይህ መዝጊያ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት በኩል ሲዞር ይዘጋል፤ በተቃራኒው ሲዞር ይከፈታል። ወለል የሚያጥብ ሰው በመጥረጊያው ነክቶት፥ ወይም አንድ ጊዜ ለጥገና ተዘግቶ ከዚያ በኋላ በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የበሽታው ሁሉ መጨረሻ እዚህ ነው፤ ሳንቲምም ሳይወጣበት ይድናል። በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ዝጎ እንዳይያዝ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለስ። አንዳንድ አሮጌ መዝጊያ ግን እጀታው እየዞረ በውስጡ ያለው መዝጊያ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይህንን ቀጥሎ ያለው ፈተና ያጋልጠዋል።

አራተኛው ፈተና ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው። መዝጊያው ይዘጋ፤ ሣጥኑም ይለቀቅና ባዶ ይሁን። ከግድግዳው ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ቱቦ ከሣጥኑ በኩል ይፈታ፤ ጫፉም ወደ ባልዲ ይግባ፤ ከዚያም መዝጊያው ቀስ ተብሎ ይከፈት። ውኃው በኃይል ወደ ባልዲው ከገባ፥ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ከቫልቩ ውስጥ ነው። ውኃው በዝግታ ከወጣ ግን ቱቦው ታጥፏል፥ ወይም ተደፍኗል፥ ወይም መዝጊያው ተበላሽቷል፤ ቫልቩ ግን በደል የለበትም።

4ኛ፤ ስለ ማጽዳትና ስለ መጠገን

ጉድለቱ ከቫልቩ ውስጥ መሆኑ ከታወቀ፥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደለል ነው። ውኃ በፈረቃ በሚሰጥባቸው ከተሞች ቧንቧው ባዶ ሆኖ ይቈይና፥ ውኃው ሲመለስ በመጀመሪያ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። በቫልቩ መግቢያ ላይ ግን በብዙዎቹ ዘንድ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ይህች ወንፊት ያንን ሁሉ ትይዛለች፤ እየያዘችም ራሷ ትደፈናለች። ቱቦው በተፈታበት አፍ በኩል በጥንቃቄ ትውጣ፤ በውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጠብ፤ ነጭ የኖራ ቅርፊት የያዛት እንደ ሆነ በኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ትዘፍዘፍ። ከዚያ በኋላ ወደ ስፍራዋ መመለስ ይገባታል። ውኃው እንዲፈጥን ብሎ ወንፊቷን መጣል ግን አሸዋውን ወደ ውስጠኛው ጎማ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ ቫልቩ ዘግይቶ መሙላቱ ይቀርና መዝጋት ይሳነዋል።

ወንፊቷ ንጹሕ ከሆነች የቫልቩ ራስ ይከፈት። በአዲሱ ዓይነት ራሱ በእጅ ተይዞ ወደ ግራ ጥቂት ሲዞር ይነሣል፤ በአሮጌው ዓይነት ክንዱን የያዘችው ስፒል ትወጣና ውስጠኛው ክፍል ይሳባል። የሚፈታው ዕቃ ሁሉ በተፈታበት ተራ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደርደር፤ ሲመለስም ከመጨረሻው ተጀምሮ ይመለስ። ራሱ ከተነሣ በኋላ አንድ ኩባያ በቫልቩ ላይ ተደፍቶ ይያዝ፤ መዝጊያውም ለጥቂት ሰከንድ ይከፈት፤ ውኃው በኃይል ሲወጣ የተቀረውን አሸዋ ይዞት ይወጣል፤ ኩባያው ደግሞ ውኃው ጣራ እንዳይመታ ይከለክለዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ሆኖ ከተገኘ ያች ጎማ ብቻ ትለወጥ፤ ወደ ገበያ ሲኬድም አሮጌይቱን ይዞ መሄድ ልክ ከማሳሳት ያድናል።

ቀጥሎ ተንሳፋፊው ይታይ። ወደ ታች ዝቅ ተደርጎ የተስተካከለ ከሆነ፥ ወይም ኳሱ ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር እየተጋጨ የሚቸገር ከሆነ፥ አፉን ያለ ጊዜው ያጠብበዋል። የውኃው ትክክለኛ ከፍታ ከትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ አፍ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ያለ ነው። በአሮጌው ባለ ክንድ ቫልቭ ክንዱ ቀስ እያለ ሲነሣ አፉም ቀስ እያለ ስለሚጠብ፥ የመጨረሻው ጥቂት ውኃ በዝግታ መግባቱ ተፈጥሮው ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

አንዳንዶች ሣጥኑ ቶሎ ሞላ እንዲባል ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርገው በ5 ሊትር እንዲዘጋ ያደርጉታል። ይህ ራስን ማታለል ነው፤ ለ9 ሊትር የተሠራ መቀመጫ በ5 ሊትር አይጠራምና። በ6 ሊትር ወይም በ3 ሊትር የሚያጥቡ አዳዲስ መቀመጫዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነርሱ ግን ቅርጻቸው ከመጀመሪያው ለዚያ ልክ የተሠራ ነው።

ሁሉ ነገር ንጹሕ፥ መዝጊያውም ሙሉ ክፍት ሆኖ ሣጥኑ አሁንም ከዘገየ፥ ስለ ከፍታ የተነገረው ይታሰብ። ለከተማ ብርቱ ግፊት የተሠራ ቫልቭ አፉ ጠባብ ነው፤ በ3 ሜትር ቆጥ ላይ ካለ ታንከር ጋር ሲገናኝ ሳይበላሽ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ሰፊ አፍ ያለው ቫልቭ መግዛት፥ ወይም የታንከሩን ቆጥ ከፍ ማድረግ ነው። ገንዘብ ማውጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በፊት ግን አይደለም።

5ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፥ መዝጊያው ሳይዘጋ ምንም ነገር አይፈታ። የሣጥኑ ሸክላ በጉልበት ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ማሰሪያ ሁሉ በእጅ ጠብቆ፥ በመፍቻ ጥቂት ብቻ ይጨመርበት። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ደረቅ ወረቀት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይታበስ፤ ወረቀቱ ከረጠበ እንደ ገና ይስተካከል።

ኮምጣጤና በረኪና ከቶ አይደባለቁ፤ ሲገናኙ ለሳንባ የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ያወጣሉ። በረኪናን በሣጥኑ ውስጥ ማኖርም ጎማዎቹን ቶሎ ያስረጃል። የሠራ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጥገናው እስኪፈጸም ደግሞ ውኃ የሞላ በርሜልና አንድ ባልዲ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ የባልዲው ውኃ ባንድ ጊዜ በመቀመጫው ውስጥ ሲደፋ ሣጥኑ የሚያደርገውን ያደርጋልና፥ አንድም ቀን ቆሻሻ አይደር።

6ኛ፤ ይህን ሥራ ማን ሊሠራው እንደሚገባ

የተማረ ሰው እጁን ወደ መጸዳጃ ቤት ሣጥን መስደድ ያሳፍረዋል የሚል አሳብ በአገር ውስጥ ረጅም ዘመን ኖሯል። ብረት ሠሪው፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱ የውኃ ሣጥን ለወራት ዘግይቶ ሲሞላ መምህሩ «የዘበኛው ጕዳይ ነው» ቢል፥ ዘበኛውም «መፍቻ አልተሰጠኝም» ቢል፥ ያ አሮጌ አሳብ ገና አልሞተም ማለት ነው። በመካከል የሚጎዱት ልጆች ናቸው።

የውኃ ሣጥን የሌላቸው ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በግቢው ባለው ታንከር አፍ ላይ ያለው ተንሳፋፊ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፤ በደለል የሚደፈነውም በዚሁ መንገድ ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ውኃ ሲቀጥንም ምርመራው ያው ነው።

እንግዲህ ለያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ፒንሳ፥ አንድ ካቻቢቴ፥ አንድ መፍቻ፥ አንድ ባልዲና ጥቂት ጎማ ይበቃሉ፤ ሽማግሎቹም ከሕዝቡ መዋጮ ይህን ቢያሟሉ ወጪው ቀላል ነው። መምህሩ ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ 2 ተማሪዎች ሰዓት ይዘው ሣጥኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ እንዲቈጥሩና ቍጥሩን በግድግዳ በተለጠፈ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ያድርግ። ባለፈው ወር 1 ደቂቃ ተኩል የነበረው በዚህ ወር 3 ደቂቃ ከሆነ፥ ወንፊቷ መደፈን ጀምራለች ማለት ነውና በዚያው ቀን ትጠብ። ልጆቹም በዚህ ሥራ ሒሳብን፥ የውኃን ጠባይና የእጅ ሥራን ክብር አብረው ይማራሉ።